በረኛ አልነበረም

ወሎ፣ መካነ ሰላም ከተማ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ስፖርት አስተምሬያለሁ። የወረዳውን የእግር ኳስ ቡድን ያሰለጠንኩትም እኔው ነኝ፤ ደመወዝ የሌለው፣ ስድብ ግን በየሳምንቱ የማይቋረጥበት ሥራ ነው። ስንሸነፍ ገበያ መሃል ማለፍ አልችልም። ስናሸንፍ ደግሞ ያሸነፉት ልጆቹ ናቸው። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለማማረርም ነው። የምጽፈው ግን ስለ አንድ ተጫዋቼ ነው። ስሙን አልጠራም፤ አገሬው ያውቀዋል፣ ለማያውቀው ደግሞ ስሙ ምን ይሠራለታል።

ወደ እኔ የመጣው ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ነው። አባቱ ከከተማው ወጣ ባለች ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ የእኔም የነፍስ አባት ናቸው። ጸበል ሊረጩ ቤቴ ሲመጡ አንዳንዴ ተከትሏቸው ይመጣ ስለነበር በመልክ አውቀዋለሁ። ዲያቆን ነው። እሁድ ቀድሶ፣ ነጠላውን አጣጥፎ በፌስታል ይዞ በቀጥታ ሜዳ ከች አለ። አጭር ነው፣ ትከሻው ጠባብ ነው። ይሄ ደግሞ ምን ሊሆን መጣ ብዬ ዳር አቆምኩት።

ኳስ ሲነካ ሳየው ግን ከዳር ወደ መሃል ጠራሁት። ጎል ፊት ሰው ሁሉ ይቸኩላል። እኔ ራሴ በጉብዝናዬ ጊዜ ጎል ፊት ስደርስ ዓይኔ ይጨልምብኝ ነበር። እሱ የሚረጋጋው እዚያ ሲደርስ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የአጥቂውን ዘጠኝ ቁጥር አልብሼው ከጎረቤት ወረዳ ከከላላ ጋር ስንጫወት፣ ተከላካዩን አለፈ፣ በረኛውን በአብዶ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ ከዚያ ኳሷን እየነዳ ገባ። ሜዳ ዳር በትራቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ ሽማግሌ፣ «አጃኢብ ነው፤ ይሄ ልጅ በረኛውን ተሰናብቶ ነው የገባ» አሉ። ከእኔ ሙያዊ ትንታኔ ሁሉ የሳቸው ይሻላል።

ክፋቱ፣ እኛ አገር ቡድን ማለት ለመሄድ የተዘጋጁ ልጆች ስብስብ ነው። የግራ ተከላካዬ አንድ ሰኞ ስልጠና ቀረ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከየመን ደወለልኝ። ምትክ ስላልነበረኝ የቄሱን ልጅ ግራ ተከላካይ አደረግኩት። «ለዛሬ ብቻ» አልኩት። የዛሬው ብቻ ሁለት ወቅት ሆነ። ከዚያ የመሃል አማካዩ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ እሱን ወደ መሃል ሳብኩት። የመሃል ተከላካዩ ዘመዱ ቪዛ ላከለትና ሪያድ ገባ፤ በዚያ ቁመቱ ከግንድ ከሚያህሉ አጥቂዎች ጋር ቴስታ እንዲሻማ አቆምኩት፤ ተሻማ፣ እንዲያውም በለጣቸው። ያስቀመጥኩት ቦታ ሁሉ ያምርበታል። አንድ ሰው በሄደ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነበር።

እኔም በየስብሰባው «ሁለገብ ተጫዋች አለኝ» እያልኩ እኩራራለሁ። ሁለገብ ማለት ምቹ ቃል ናት። አንድን ሰው እንዳሻህ እያገላበጥክ ስታዘው፣ እያመሰገንከው ይመስልሃል።

አንድ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ግማሹ ቡድን ይሄን ይጾማል፣ ግማሹ ያን ይጾማል። ስልጠናውን ጎህ ሲቀድ አደረግኩት። ልጆቹ «እዚህ ሜዳ ላይ የሚበላ ቲቸር ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ ስኳርና ጨጓራ ገዝግዘውኝ መጾም ካቆምኩ ቆይቻለሁ። በእነዚያ ጠዋቶች በአንዱ ኳስ ሰብስበን ስንመለስ፣ «ቲቸር፣ የእኔ ቦታ ግን የት ነው?» አለኝ።

«የታዘዝክበት» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ምላሴን በቆረጠው።

አሁን ስለ ጎረቤታችን ወረዳ ስለ ወግዲ መናገር አለብኝ፤ ያለ ወግዲ የእኔ ጥፋት አይገባም። ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ወግዲዎች አራት ለዜሮ ቀጥተውን ነበር። በረኛችን በአንዷ ጎል ኳሷን በእግሩ መሃል አሳልፎ ራሱ ዞሮ እያያት ገባች። ከዚያ በኋላ ወግዲ በሄድኩ ቁጥር ሰላምታው፣ «እንዴት ከርመሃል? በረኛችሁስ ደህና ነው?» ሆነ። ለስብሰባ ብሄድ እሱ ነው፣ ለሰርግ ብሄድ እሱ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ አንድ ሰውዬ ንፍሮ እያቀረበልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ በረኛው ጤንነት ጠይቆኛል። ስቄ አለፍኩ። ሆዴ ግን ቋጠረው። እኔ ቂም የማይረሳ ሰው ነኝ፣ ይህን የነፍስ አባቴም ያውቃሉ።

በዓመቱ ነው አንድ መልማይ እሺ ያለኝ። ለአንድ ትልቅ ከተማ ክለብ ተጫዋች የሚመርጥ ሰው ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እየደወልኩ አሰልችቼዋለሁ። «የምፈልገው አጥቂ ብቻ ነው፤ ሌላው ሞልቶናል» አለኝ። «ና፣ አጥቂ አሳይሃለሁ» አልኩት። ከወግዲ ጋር በምንጫወትበት ቅዳሜ ሊመጣ ተስማማን። ልጁ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ትምህርቱ እንደማያዘልቀው እሱም እኔም እናውቃለን። ክለብ ከገባ ደመወዝ አለው፣ አገሩ ላይ ይቀራል። ካልገባ ደግሞ መንገዱ ያው የሌሎቹ መንገድ ነው። «ቅዳሜ ዘጠኝ ቁጥር ትለብሳለህ» ስለው ጎንበስ ብሎ የታኬታውን ክር ይፈታ ጀመር፤ ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

አርብ ከሰዓት የበረኛችን አያት ሞቱ። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ለቅሶ ቀርቶ ኳስ የሚባል ነገር እኛ ዘንድ የለም፤ በረኛውን ና ብለው ከተማው በድንጋይ ያባርረኛል፣ ልክም ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቡድኑ ሁሉ ቀብር ሄድን፣ አፈር አለበስን፣ ከዚያ በረኛውን ለቅሶ ቤት ትተን ወደ ሜዳ መጣን። ወግዲዎች በአይሱዙ ተጭነው እየዘፈኑ ደርሰዋል። መልማዩም መጥቷል፤ ከሰዓት በመጨረሻው ሚኒባስ ስለሚመለስ ጨዋታውን ለሌላ ቀን ማለት አይቻልም።

ተቀያሪ በረኛ ነበረኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ እጁ መልካም ነው፣ ልቡ ገና ነው። የወግዲን ልጆች ሲያሟሙቁ እያየ ከጓደኞቹ ጀርባ ሲሸሸግ አየሁት። አራት ለዜሮ ትዝ አለኝ። ያ ንፍሮ ያቀረበልኝ ሰውዬም ትዝ አለኝ፤ እንዲያውም እዚያው ከደጋፊዎቹ መሃል ቆሞ አየሁት መሰለኝ። ጓንቱን አንስቼ ለቄሱ ልጅ ሰጠሁት።

ዘጠኝ ቁጥሩን ለብሶ ነበር። ጓንቱን አየው፣ እኔን አየኝ። «ቲቸር፣ ዛሬ እንኳ ከፊት አጫውተኝ፤ እባክህ» አለ። በአራት ዓመት ውስጥ እባክህ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

«ትንሽ ነው፤ ሁለት ለዜሮ እንምራ ብቻ፣ ወዲያው ወደ ፊት አወጣሃለሁ። ወላሂ አወጣሃለሁ» አልኩት። ክርስቲያን ብሆንም ወላሂ ብዬ ማልኩለት፤ ነገሩ የምር ሲሆን እኛ አገር ሁሉም እንዲያ ነው የሚምለው። ማሊያውን አውልቆ የበረኛውን ቢጫ ለበሰ። እጅጌው ረዝሞበት ሁለቴ አጠፈው።

እረፍት የወጣነው አንድ ለዜሮ እየመራን ነው። ከእረፍት መልስ ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛውን አገባን። ሰው ሁሉ ሲዘል እኔ ወደ በሩ ዞርኩ። እሱ ጎሉን አላከበረም። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በጓንቱ ሁለት ጣቱን ቀስሮ ያሳየኛል። ሁለት ለዜሮ። ቃልህ።

ተቀያሪው በረኛ ተነስቶ ጎኔ ቆሟል። ጊዜ ነበረን፤ መልማዩም ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ውሃ ጠየቅኩ። ጥማት አልነበረብኝም። አምስት ደቂቃ ልይና አልኩ በልቤ፣ ትንሽ ይረጋጉልኝና። በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ወግዲ አንድ አገባ። ከዚያማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ተቀያሪውን «ተቀመጥ» አልኩት። ወደ በሩ ተመልሼ አላየሁም።

መጨረሻ ላይ ወግዲዎች ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ። ልጁ ወደ ግራ ተወርውሮ አዳናት። ፊሽካው ተነፋ፤ አገሬው ሜዳውን ወርሮ በትከሻው አነሳው፤ ስልክ ያለው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። እኔም እንደ ሕፃን ዘለልኩ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ የዓመቱን ንዴት ያን ቀን ተፋሁት። መልማዩን ያስታወስኩት ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ ሲከት ሳየው ነው።

«በረኛችሁ ጀግና ነው፤ ግን በዚህ ቁመት የትም አይደርስ» አለኝ። «አጥቂው የታል?»

«እሱ ነው» አልኩት።

«ማ?»

«በረኛው።»

ሳቀ፤ የምቀልድ መሰለው። እየተርበተበትኩ አስረዳሁት፣ ለቅሶውን ነገርኩት፣ ወግዲን ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ፣ «መምህር፣ አጥቂ ያለው ሰው አጥቂውን በር ላይ ያቆማል?» አለኝ። በቁጣ አይደለም፤ ከልቡ ሊያውቅ ፈልጎ ነው።  ሌላ ጊዜ እንደሚመጣ ነግሮኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስደውል አላነሳልኝም፤ እኔም ብሆን አላነሳም ነበር።

ልጁ አልተቆጣም። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ እንዴት በወደድኩ። ሰኞ ስልጠና መጣና ማሊያውን እየለበሰ፣ «ዛሬስ የት ልቁም?» አለኝ። ነገር ፈልጎ አይደለም፤ ድምፁ እንደ ወትሮው ነው። አጥቂ ላይ አቆምኩት። የሚያየው ሰው ግን አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ የዞኑ ውድድር ቀረ። ሜዳው ሣር አበቀለ፤ በግ ይግጥበታል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ አልመጣለትም። ባጃጅ ነዳ፣ ፀጉር ቆረጠ፣ ብሎኬት አመረተ፣ እሁድ እሁድ ይቀድሳል። መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይለኛል፤ እኔም ስለዚያ ቅዳሜ አንድ ነገር ልበለው እያልኩ ስለ አየሩ አውርቼው አልፋለሁ። አንድ ጠዋት ታናሽ እህቱ ትምህርት ቤት መጥታ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። ተማሪዬ ናት። «ወንድሜ ሄዷል፤ አባባ ገና አልሰማም» አለችኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኳትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ከባሕሩ ወዲህ ወደ የመን የሚያሻግራቸውን ጀልባ እየጠበቁ ነው። ነፋሱ ድምፁን ይቆራርጠዋል። «ቲቸር፣ አብሽር፣ ደህና ነኝ። እዚህ ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ። ማንም ስለማያውቀኝ ከፊት ልሁን አልኳቸው፤ እሺ አሉኝ» ይላል። መጨረሻ ላይ ሳቁ ይሰማል። መልስ ልልክለት ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ ነገ አልኩ። እኔና ነገ።

ጀልባዋ ተገለበጠች። ከተረፉት አንዱ የእኛው አገር ልጅ ነበርና ወሬውን እሱ አደረሰ። መርዶ እኛ ዘንድ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገር፤ የሠፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «አንተም ትሄዳለህ፣ ልጁ ያንተም ነው» አሉኝ። ከመሄድ የወግዲን ሕዝብ ሁሉ ብጋፈጥ ይሻለኝ ነበር። ስንደርስ ቄሱ ለኪዳን ሊወጡ መቋሚያቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ናቸው። አራት ሰው በጠዋት ዝም ብሎ ወደ ደጁ ሲመጣ ምን እንደሆነ የማይገባው ወሎዬ የለም። እያንዳንዳችንን አዩን፤ እኔ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ።

«በረሃው ነው፣ ባሕሩ?» አሉን።

«ባሕሩ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። ቄሱ እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ የእናቲቱ ጩኸት ከውስጥ ተሰማ፤ ማንም ሳይነግራት።

ሬሳ የለም፤ የሚቀበርም የለም። ለቅሶው ላይ በፎቶው እንዲለቀስ ተፈለገ፤ በስልክም በአልበምም ሲታሰስ ደህና ሆኖ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ ያን ቅዳሜ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ የተነሳው፣ በቢጫ ማሊያው፣ ጓንቱን እንዳጠለቀ። ፎቶ ቤት በትልቁ አሳትመውት ድንኳኑ ውስጥ አቆሙት። ከሩቅ የመጣ ሰው እያየ «ውይ፣ በረኛ ነበር ለካ» ይላል። አስለቃሿም በግጥሟ በረኛው እያለች አወረደችው፤ በሩን ጠብቆ ራሱን ለውሃ ሰጠ አለች። ሰው ተንሰቀሰቀ። እኔ ተነስቼ፣ አይደለም፣ አጥቂ ነው፣ ብዬ ልጮህ ነበር፤ ከአፌ ግን ልቅሶ ብቻ ወጣ። እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

በሰልስቱ ቄሱ ጠሩኝና ከድንኳኑ ጀርባ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ዓይናቸው አብጧል። «እኔ ኳስ አላውቅም። የዋልጌ ጨዋታ ነው እያልኩ አንድ ቀን ሄጄ ሳላየው ቀረሁ። እንግዲህ ምን አደርጋለሁ» አሉ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ቀጠሉ። «እናቱ ያኔ፣ ያ ከከተማ የመጣው ሰው ለምን አልወሰደህም ብላ ጨቀጨቀችው። ምን እንዳለን ታውቃለህ? ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ቲቸር ከፊት ሊያጫውተኝ ነበር፤ በረኛው ለቅሶ ስለተቀመጠ በሱ ቦታ ልግባ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ ቲቸርማ እንቢ ብሎኝ ነበር አለን።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እሳቸው እጄን ያዙኝ። «እንዲህ ለጓደኛው የሚያስብ ልጅ ነበር። አንተ የሚቻልህን አድርገሃል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጸጸት እንዳይበላህ ብዬ ነው የነገርኩህ። አብሽር» አሉኝ፤ ልጅ የሞተባቸው እሳቸው፣ እኔን።

እውነቱን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «ነፍሱን ይማር» ብዬ ተነሳሁ።

ይኸው ዓመት አልፎታል። ቄሱ ዛሬም የነፍስ አባቴ ናቸው። ቤቴ ይመጣሉ፣ ጸበል ይረጫሉ፣ ከዚያ እንደ ደንቡ ለብቻችን እንቀመጣለን። ሰው ተሳደብኩ እላቸዋለሁ። ጾም ገደፍኩ፣ ቂም ያዝኩ እላቸዋለሁ። ይፈቱኛል። ሌላስ አለ ወይ ሲሉኝ፣ የለም እላቸዋለሁ። ሌላ ካህን ዘንድ ሄጄ እንዳልናዘዝ፣ የበደልኩት እሳቸውን ነው፤ ሌላው ምኔን ይፈታልኛል። ፊት ለፊት ደግሞ አቃተኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሜዳ ላይ ስጮህ እስከ ገበያው የሚሰማ ድምፅ አለኝ፣ ለዚህ ግን አልሆነኝም።

ስለዚህ ጻፍኩት። ዓይናቸው ስለደከመ ታናሽ እህቱ ታነብላቸዋለች፤ ወረቀቱን የምሰጠው ለሷ ነው። አንብቢላቸው፣ አንድም ቃል አትዝለይ። አባቴ፣ ልጅዎ በር ልግባ ብሎ አልለመነኝም። የለመነኝ ከፊት እንዳጫውተው ነው።